አሮጌ የሞዴል ሠሪ ሞርሳ ባንኮ ላይ ሲታሰር፦ ከመቁረጥዎ በፊት የሚለኩት

ሞርሳ የሚሠራውን ዕቃ በመንጋጋዎቹ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ፣ ባንኮ ደግሞ የሚታሰርበት የሥራ ጠረጴዛ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ያረጀ የሞዴል ሠሪ ሞርሳ እጄ ገባ። ለብቻዬ ማንሳት ያቅተኛል። ይዞራል፣ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ የፊት መንጋጋውም ዘመም ይላል። ባንኮዬ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ ከሥሩ መሳቢያ አለ። የትና እንዴት ልሰረው? የለመድኩትን ተራ ሞርሳ ነቅዬ ይሄን ባስርበት ያዋጣኛል? ቀለሙንስ ልላጠው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የዚህ ሞርሳ ፈተናው ቦታ ነው። ተራ ሞርሳ አንዴ ከታሰረ መንጋጋው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመሄድ ሌላ ጣጣ የለውም። ይሄኛው ግን መላ አካላቱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሲያርፍ የሚይዘውን ብቻ ሳይሆን ሲዞርና ሲታጠፍ የሚጠርገውን ቦታ መለካት አለብዎት። መሳቢያው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቢያንስ ከዚያ ጥግ መነሳቱ አይቀርም።

ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ካወቁ አተሳሰሩ ራሱ ግልጽ ይሆናል። ሞዴል ሠሪ ማለት ብረት ቀልጦ ከመፍሰሱ በፊት የዕቃውን ቅርጽ በእንጨት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው። እንጨቱ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። አሸዋው ይጠቀጠቃል። ሞዴሉ ይወጣና በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ሞዴሉ አሸዋውን ሳያፈርስ እንዲወጣ ጎኖቹ በትንሹ መጥበብ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል። ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው ብረት፣ 1 ከመቶ ገደማ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ሞዴል ሠሪዎች መስመሮቹ በዚያው ልክ ሰፋ ተደርገው የተቀረጹበት ልዩ ማስመሪያ ይጠቀሙ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ከሞርሳው ጋር አሮጌ ማስመሪያ አብሮ ከመጣልዎት ለተራ ሥራ እንዳይለኩበት።

አሁን የፓምፕ የውጭ አካል ወይም የታጠፈ ቧንቧ ሞዴል በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት። አንዱ ጎን ክብ፣ ሌላው የሚጠብ፣ ሦስተኛው ጎበጥ ያለ። ትይዩ የሆነ ጎን የለውም። ተራ ሞርሳ ደግሞ የሚይዘው ትይዩ ጎን ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኤመርት በ1891 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሞርሳ ይህን ችግር ነው የፈታው። የተመረተው ዌይንስቦሮ በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ ነው። ኋላ ሌሎችም ተከትለውታል። በቅርብ ዘመን የወጡ ቅጂዎችም አሉ፤ የአንዳንዶቹ አሠራር ግን ከጥንቱ ጋር አይወዳደርም።

በብዛት የሚገኘው ትልቁ ኤመርት «ኬ 1» ይባላል። መንጋጋው ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ ወደ ታች ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ 39 ኪሎ ገደማ። ታናሹ «ኬ 2» የመንጋጋው ርዝመት 36 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ክብደቱ ወደ 25 ኪሎ ይወርዳል። ብቻዬን አላነሳውም ካሉ የእርስዎ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። ሜትር ይዘው መንጋጋውን ቢለኩ ወዲያው ይለያል።

እንቅስቃሴዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው፤ የመለካቱ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳልና። አንደኛ፣ ሞርሳው በዋናው ጥርስ (መንጋጋውን በሚከፍተውና በሚዘጋው ረጅም ብሎን) ዙሪያ እንደ መኪና መሪ ይዞራል። አግድም የነበረው መንጋጋ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ ደግሞ ከሥሩ የነበሩት ትንንሽ የብረት መያዣዎች ወደ ላይ ይመጣሉ፤ እነሱ ለብረታ ብረት ሥራ ናቸው። ሁለተኛ፣ ባንኮው ጠርዝ ላይ ባለው ማጠፊያ ላይ ሆኖ ፊቱ ወደ ላይ ይነሳል። እስከ መጨረሻው ሲነሳ የመንጋጋዎቹ ፊት ከባንኮው ገጽ ጋር ትይዩ ይሆናል። ሰፊ ነገር አስተኝቶ ለመፈልፈል ከዚህ የሚመች የለም። ሦስተኛ፣ የፊት መንጋጋው መቆለፊያው ሲለቀቅ ዘመም ይላል። አንድ ጫፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ እንጨት ሲገባበት ራሱን አስተካክሎ ይይዘዋል።

ከሦስቱ ባንኮ የሚያበላሽብዎት ሁለተኛው ነው። ሞርሳው እንደ ወትሮው ሲቀመጥ የጥርሱና መንጋጋውን የሚመራው ብረት ጅራት ወደ ባንኮው ሥር ተጋድሞ ይገባል። ፊቱ ወደ ላይ ሲነሳ ይህ ጅራት ቅስት እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ቅስት ውስጥ መሳቢያ፣ መደርደሪያ፣ የባንኮ እግር ወይም አግዳሚ ካለ ይመታዋል። ጅራቱ ወደ ውስጥ አብዝቶ የሚገባው መንጋጋው ዝግ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሲለኩ ዘግተው ይለኩ። ክፍት አድርጎ ለክቶ ተስፋ ማድረግ ኋላ ያስቆጫል።

ከመለካትም በፊት ግን ሞርሳው ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ጊዛ ሲጫኑት ጠንካራ ነው። ሲያጎብጡትና ሲጎትቱት ግን ሳይጠማዘዝ ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት ሞርሳ ላይ ስንጥቅ የሚወደው ቦታ ማጠፊያው ነው፤ በተለይ ፒኑ የሚያልፍባቸው ጆሮዎችና የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ። የፊት መንጋጋው የሚዘምበት መገጣጠሚያም ይጠረጠራል። ቆሻሻና ቅባት ስንጥቅ ይደብቃል። አሮጌ ዘዴ አለ፦ ብረቱን በደንብ አጽድተው ነጭ ጋዝ ይቀቡት። ጥቂት ቆይተው ጥርግ አድርገው ያድርቁት። ከዚያ ላዩ ላይ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣና በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ አታመልጥም።

ስንጥቅ ቢገኝ ዓለም አበቃ ማለት አይደለም። ግን ሰፈር ውስጥ ያገኙትን በያጅ ጠርተው «ቶሎ ነካ አድርግልኝ» አይበሉት። ጊዛ ሳይሞቅ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ አብዛኛውን ጊዜ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ብረቱን አሙቆ በናስ የሚበይድ ወይም በኒኬል ኤሌክትሮድ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ይፈልጉ። ከዚያም አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያድርገው። ድሮ በናስ የተጠገነ ሞርሳ ካገኙም አይናቁት። ጥገናው ቀጥ ያለ ከሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ክፍሎቹ መሟላታቸውንም ይዩ። መቆለፊያ እጀታዎቹ፣ የማጠፊያው ፒን፣ የፊት መንጋጋውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ቁራጭ። እነዚህ እየጠፉ ነው ሞርሳው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። እጀታ ማስቀረጽ ይቻላል። ማጠፊያው ራሱ ከሌለ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ያለ ማጠፊያ ይህ ሞርሳ ከባድ ብረት ብቻ ነው።

ወደ ቦታው እንምጣ። ቀኝ እጀኛ ከሆኑ የባንኮው ግራ ጥግ ይሻላል። በመላጊያ ሲገፉ ኃይሉ ወደ ሞርሳው ይሄዳል፣ ረጅም ጣውላም ቀሪው አካሉ በስተቀኝ ባንኮው ላይ ያርፋል። ግራ እጀኛ ከሆኑ ይገልብጡት። ከእግሩ ርቀቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጋጫል። ለጥንካሬ ሞርሳው ወደ እግሩ መጠጋት አለበት። ለእንቅስቃሴ ደግሞ ሲዞር መንጋጋውም ሆነ ጅራቱ እግሩን መንካት የለበትም። የእኔ ምርጫ እግሩን ሳይነካ የሚያልፍበትን የመጨረሻ ነጥብ አግኝቶ ሁለት ጣት ያህል መተው ነው። እጅዎ በብረትና በእንጨት መካከል እንዳይቀረቀርም ያች ሁለት ጣት ታስፈልጋለች።

ባንኮውን ሳይነኩ ይህን ሁሉ መሞከር ይችላሉ። ከኮምፔንሳቶ ወይም ከወፍራም ካርቶን የሞርሳውን የጎን ቅርጽ ፎርማ ይቁረጡ፤ መንጋጋውንም ጅራቱንም ጨምሮ፣ በልኩ። የማጠፊያው ፒን የሚሆንበት ቦታ ላይ ሚስማር ይምቱና በባንኮው ጎን ላይ ይስቀሉት። ከዚያ ያሽከርክሩት። የት እንደሚነካ በዓይንዎ ያዩታል። ሌላ ክብ ፎርማ ለመዞሩ ይሥሩ። ይሄን ያህል ልፋት ለምን የሚል ካለ፣ 39 ኪሎ ብረት ተሸክሞ ባንኮ ሥር ተንበርክኮ መሳቢያ መቁረጥ ምን እንደሚመስል ያስበው።

5 ሳንቲ ሜትሩ ጥሩ ነው። ከዚያ ብዙ ከወፈረ የባንኮው የታችኛው ጠርዝ ከኋላ መንጋጋው ጀርባ ያለውን ክብ አካል ሊነካ ይችላል። ያኔ ከሥር በኩል በመሮ ጥርብ ተደርጎ ይለቀቅለታል። በጣም ከሳሳ ደግሞ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት በኮላ ይጨመርለታል። ወፍራም ነው ሳሳ ብሎ በደፈናው ከመፍረድ ከፒኑ መሃል እስከ ክቡ አካል አናት ያለውን ርቀት ይለኩና ከባንኮዎ ውፍረት ጋር ያስተያዩት። ሞርሳው ራሱ ይነግርዎታል።

አሁን ዋናው የእጅ ሥራ፦ ማጠፊያውን ማስተኛት። ይህ ብረት በባንኮው የፊት ጠርዝና ገጽ ላይ ተፈልፍሎለት ይገባል። የሞርሳው ሸክም በሙሉ በሱ በኩል ነው ወደ እንጨቱ የሚያልፈው። ብረቱን ቦታው ላይ ይዘው በስለታም ቢላ ዙሪያውን ይጫሩ፤ እርሳስ መስመሩ ይወፍራል። ራውተር (እንጨት የሚፈለፍል የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ካለ አብዛኛውን በሱ ያውጡ፤ ጥጋጥጉን በመሮ። ራውተር ከሌለም መሮና ትዕግሥት ይበቃል። የጉድጓዱ ወለል ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ለመፈተን የማጠፊያውን ጀርባ በስሱ ጥላሸት ወይም ጠመኔ ይቀቡና ቦታው ላይ ጫን አድርገው ያንሱት። ምልክቱ ያረፈበት ጉብታ ነው። እሱን ብቻ ፋቅ ፋቅ አድርገው ይላጉ። እንደገና ይቀቡ፣ እንደገና ይጫኑ። ምልክቱ ወለሉ ላይ በየቦታው ተበትኖ መታየት ሲጀምር በቃዎት።

ለምን ይሄን ያህል? ወለሉ ጎበጥ ብሎ እያለ ብሎን ቢያጠብቁ ጊዛው መሃሉ ላይ ተደግፎ ጫፎቹ ወደ ታች ይሳባሉ። ያን ጊዜ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ይሰማሉ። ሞርሳው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያች ሰዓት ተሰበረ ማለት ነው። ወለሉ አልስተካከል ብሎ ካስቸገረ ኢፖክሲ (ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ይጠቀሙ። የብረቱን ጀርባ በሰም በደንብ ይቀቡት። ጉድጓዱ ውስጥ ወፈር ያለ ኢፖክሲ አፍስሰው ብረቱን ያስተኙበት። ሲደርቅ ሰሙ ስላለ ብረቱ ይነቀላል፤ ኢፖክሲው ግን የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ከፍታው ላይ ሰው ይሳሳታል። ብረቱ ከባንኮው ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት የሚል አስተሳሰብ አለ። እኔ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ነው የምመክረው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። ብረቱ ግን ባለበት ነው። እኩል አድርገው ካሰሩት ባንኮው በደረቀ ጊዜ ብረቱ ብቅ ይልና የመላጊያዎን ስለት ይበላዋል። መንጋጋው ላይ የሚለብሰው እንጨት ነው ከባንኮው ጋር እኩል የሚሆነው፤ እሱ ትርፍ ቢኖረው በመላጊያ ይወገዳል።

ለማሰሪያ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ ብሎን ከቪስ ይመረጣል። ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሰሌዳ ያድርጉለት፣ ከዚያ ዳዶ። የብሎኑን ውፍረት የማጠፊያው ቀዳዳ ይወስነው፤ ቀዳዳውን ለማስፋት ጊዛውን አይሰርስሩ። በፊት ጠርዝ በኩል ቀዳዳ ካለው እዚያ ረጅም የእንጨት ቪስ ይገባል። መጀመሪያ ልኩን ጠብቀው ይሰርስሩለት። ማጥበቁ በዙር ይሁን፤ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እየተመላለሱ።

ሲሰቅሉት ጡንቻ አያስፈልግም። የሚፈታ ከሆነ የፊት መንጋጋውን ከነጥርሱ አውጥተው ሸክሙን ያቅልሉት። ከዚያ የመኪና ክሪክ ከሥር ያስገቡ፣ ላዩ ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ሞርሳው። ክሪኩን ቀስ እያሉ ሲያነሱ ማጠፊያው ከቦታው ጋር ይገጥማል፤ ፒኑ በጣት ይገባል። አንድ ሰው አጠገብዎ ይቁም፤ ለማንሳት ሳይሆን እንዳይንሸራተት ለመያዝ።

ከታሰረ በኋላ ባንኮው ራሱ ይፈተን። መንጋጋውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ከባድ እንጨት ያስሩበትና ጫፉን ጫን ያድርጉት። የኋላ እግሮቹ ብድግ ካሉ ባንኮው ቀሎታል። ከሥር መደርደሪያ ላይ ክብደት መጫን ወይም ከግድግዳ ጋር ማሰር መፍትሔ ነው። መደርደሪያውን ግን ከጅራቱ መንገድ ውጭ ያድርጉት፤ ችግሩን በሌላ በር እንዳያስገቡት።

የመንጋጋውን ልብስ ከጠንካራ ግን ከማይሰነጠር እንጨት ይሥሩት፤ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ መንጋጋዎች ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ ከጀርባቸው አላቸው። ለስላሳ ነገር የሚይዙ ከሆነ ላዩ ላይ ቆዳ ይለጥፉበት። እጀታው ላይ ቧንቧ አስረዝመው አያጥብቁ፣ መንጋጋውንም የመዶሻ ማረፊያ አያድርጉት። ከሥሩ ያሉት የብረት መያዣዎችም ለሞረድና ለትንሽ መጋዝ እንጂ ለመቀጥቀጥ አይደሉም። ትይዩ የሆነ ነገር ሲይዙ ደግሞ የሚዘመውን መንጋጋ መቆለፍ አይርሱ። ብዙ ሰው «ይሄ ሞርሳ አይይዝም» የሚለው እሱን ሳይቆልፍ ነው።

ተራውን ሞርሳ ልንቀለው ላሉት፣ የሚወሰነው በሚሠሩት ሥራ ነው። ሥራዎ ጣውላ ማላግ፣ መሳቢያ መግጠም፣ በር መሥራት ከሆነ ተራው ሞርሳ ይበልጣል። ቀላል ነው፣ የሚላላ መገጣጠሚያ የለውም። ሞዴል ሠሪው ሞርሳ መገጣጠሚያው ስለበዛ ምንም ቢጠብቅ ጥቂት ይወዛወዛል። የወንበር እግር፣ የክራር ወይም የጊታር አንገት፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ጎበጥ ያለ ነገር የሚሠሩ ከሆነ ግን ሌላ ሞርሳ አያምርዎትም። ባንኮው ረጅም ከሆነ ሁለቱንም ያኑሩ፤ ተራውን ወደ ሌላው ጫፍ ያዙሩት።

የቀለሙ ነገር ቀርቶናል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይተዉት፤ አጥበው ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። የተነሳውን ብቻ በቀለም ማስለቀቂያ አርጥበው ጓንት አድርገው ይፋቁት። ዝገቱ ከባድ ከሆነ ትንንሾቹን ክፍሎች ሶዲየም ካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ በባትሪ ቻርጀር ማስለቀቅ ይቻላል። የሞርሳው ክፍል ከነጌቲቩ፣ ለማባከኛ የሚሆን ተራ የብረት ቁራጭ ከፖዘቲቩ ይገናኝ፤ ሁለቱ አይነካኩ። በቁራጩ ፋንታ የማይዝግ ብረት አይጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ደጅ ላይ ይሥሩት፣ እሳትም አይቅረበው። ሽቦ ከመንካትዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሲጨርሱ ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡ፤ ዋናው ጥርስ ላይ ስስ ግራሶ ይበቃል።